ጭጎጎት የተከልኩበት ደጅ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለባሌ ለክፍሌ አልነገርኩትም፤ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ መደብ ላይ ተኝተን አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ዘንድ ይዤ የምሄደው ሐሜት፣ የተሻረ ጾም፣ ከጎረቤት ተውሼ ያልመለስኩት ወንፊት ነበር። ቀኖናዬን ሰጡኝ፣ ሰገድኩ፣ ተፈታሽ ተባልኩ። ትልቁን በደል ከትንንሾቹ ጀርባ ደብቄ ስንት ጊዜ ሥጋ ወደሙ ተቀበልኩ? ቆጥሬው አላውቅም፤ መቁጠሩም ያስፈራኛል።

አሁን የምነግረው ይህን ለሚያነብ ሰው ነው። ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ ወንድ ሁን ሴት፣ ቄስ ሁን ተማሪ፣ ለእኔ አንድ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ከልጆቼ እኩያዎች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ከእነሱም ቀድሜ ምስክር ወረቀቴን ተቀብያለሁ። ስለዚህ ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ሥራውን የሠራችው እጅ ራሷ ብትናገር ይሻላል ብዬ ለማንም አላስጻፍኩም።

በደሌን ከመጀመሪያው ልናገረው፤ አላድበሰብስም። እኔ ያልሞተ ሰው አስለቅሻለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ተዝካር አስወጥቻለሁ፤ ጠላውን የጠመቅኩትም እኔ፣ ከበሉት መሐልም አንዷ እኔ ነኝ። ይህን ያደረግሁት በአራት ማለዳ፣ በአሥር ጣቶቼ ነው።

ተዋበች እባላለሁ። የተዳርኩበት መንደር ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነው። ባሌ ክፍሌ አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ጋሼ ወልዴ እላቸዋለሁ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ አጥር ውስጥ ፊት ለፊት ሁለት ቤት ሠርተው ነበር የሚኖሩት። ጋሼ ወልዴ የንብ ሰው ነበሩ፤ ዋንዛው ላይ አራት ቀፎ ሰቅለው፣ ቀፎውን በጥንጁት አጥነው፣ ንብ ፊታቸው ላይ እየሄደ እንኳ ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ሚስታቸው አስካለ ትባላለች። የቡኢ ልጅ ናት፤ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ያገቧት፤ ልጅ ገና አልወለዱም። እኔ እታለም ነበር የምላት፤ እሷ ደግሞ ተዋቡ ትለኝ ነበር።

ስለ ራሴም ልንገርህ፤ ማንን እንደምትሰማ ማወቅ ይገባሃል። እንሰት በመፋቅ የሚያህለኝ ሴት በዚያ አገር አልነበረም። ሌላዋ አንድ ስትፍቅ እኔ ሁለቱን ጨርሼ ወገቤን አቀናለሁ። አረምማ አይጠየቅም። ከመሬት ገና ጣት ሳይሞላ ብቅ ያለውን ቅጠል አይቼ ይሄ ጎመን ነው፣ ይሄ መጭ ነው፣ ይሄ ጭጎጎት ነው እላለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅም። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው ብትል አልከራከርህም፤ እኮራበት ነበር። ነገር ግን ያ ዕውቀት ባይኖረኝ ኖሮ የሠራሁትን መሥራት አልችልም ነበር።

ጣሊያን ቡታጅራ ላይ ሰፈሩን ሠርቶ፣ የመንደሩን ወንድ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ማሸከም ጀመረ። ጋሼ ወልዴ ሁለት ቀን ተሸከሙ። በሦስተኛው ቀን የአባታቸውን ጠመንጃ ከጣራው ሳር ውስጥ አውጥተው፣ በወልቂጤ በኩል አድርገው ዋቤ ሸለቆ ወዳሉት አርበኞች እሄዳለሁ አሉ። ማንም ሊያስቀራቸው አልሞከረም። ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ነበር፤ ዝናቡ እየሸተተ ነው።

በእኛ መንደር አንድ የቆየ ልማድ ነበረ። ዘማች ከቤቱ ሲወጣ ከቅል ውስጥ የአደይ አበባ ዘር ይዘግንና ከደጁ ግራና ቀኝ በገዛ እጁ ይበትናል። ሚስቱ ዘሩን በየዓመቱ እየለቀመች ትዘራለች። መስከረም ላይ አደዩ ከፈነዳ ዘማቹ አለ ማለት ነው፤ ሚስቱ ማቅ አትለብስም፣ ሰውም መርዶ ይዞ አይመጣባትም። ዘማቹ ከሞተ ግን ምድር ታውቃለች ይባላል፤ አደዩ ይቀርና በቦታው ጭጎጎት ይበቅላል። ጭጎጎት ያው የምታውቀው ነው፤ ጫካ ገብተህ ስትወጣ ቀሚስና ሱሪ ላይ ተጣብቆ የሚያስቸግረው። አበባው ነጣ ያለ፣ ከመጤፍ የማይቆጠር ነው።

ጋሼ ወልዴ በተኑ፤ ደጁን ተሳለሙ፤ ሄዱ።

አስካለ አደይ እንዴት እንደሚያዝ ታውቅበት ነበር፤ ይህን አልነሳትም። ሰው ሁሉ አደይ የሜዳ አበባ ነው፣ እግዜር ነው የሚያበቅለው ይላል። እውነት ነው፤ ግን ደጅህ ላይ፣ በፈለግኸው ቦታ ይብቀልልህ ካልክ ሥራ አለው። ኅዳር ላይ ራሱ ሲደርቅ ዘሩ ጥቁርና ቀጭን ይሆናል። እሷ ከሁሉም ራስ አትለቅምም፤ ንቦች ሲመላለሱበት ካየችው ብቻ ነው የምትለቅመው። ንብ ያልጎበኘው አበባ ዘሩ ገለባ ነው ትላለች፤ በጥፍሯ ቆንጠጥ አድርጋ ታሳየኛለች፤ እውነቷን ነበር። ጥላ ላይ አድርቃ፣ በአመድ አሽታ ቅል ውስጥ ታኖረዋለች። ግንቦት ሲያልቅ መሬቱን በጣቷ ጫፍ ብቻ ጫር ጫር አድርጋ ትበትነዋለች፤ አፈር አታለብሰውም። ፍግ ደግሞ አታስጠጋውም፤ ፍግ የቀመሰ አደይ ቅጠል ይበዛበታል፣ አበባ ይነሳል። ሲበቅል ስንዝር ስንዝር አድርጋ ታሳሳዋለች።

የመጀመሪያው መስከረም ደጁ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆነ። ሁለተኛውም እንዲሁ። የአራቱ ቀፎ ንብ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይወርድበታል፤ ቢራቢሮው፣ ከመሬት ሥር የምትኖረው ጣዝማ እንኳ ሳትቀር ትመጣለች። አስካለ ደጃፏ ላይ ቁጢጥ ብላ ከንቦቹ ጋር ታወራ ነበር። «ወሬ አምጡልኝ እስቲ» ትላቸዋለች፤ ፈገግ ብላ ነው የምትለው፣ ግን ትለዋለች። ለደመራው ሁሉም ሰው አደይ ይቆርጣል፤ የእሷን ግን ንቦቹ ሳይጨርሱ ማንም አይነካም።

መስቀል በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አዲስ አበባ የወረደው፣ ጅማ የነገደው፣ ሁሉም ለመስቀል አገሩ ይገባል። በጣሊያን ጊዜ እንኳ የቻለ ሁሉ ገብቷል። የገባውም ዘመድ ሁሉ ወደ ክትፎው ከመዞሩ በፊት አስካለ ደጅ ላይ ይቆማል። «አለ! ወልዴ አለ!» እያሉ እልል ይላሉ። የእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ቅቤውን ያነጠርኩት፣ ቆጮውን ያዘጋጀሁት፣ የሁለቱንም ቤት እንሰት የፋቅሁት እኔ ነኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እልል ይላሉ።

ቅናት ነበር። ሌላ ስም አልፈልግለትም። ክፍሌ ጓሮ መቆፈር ሲጀምር ከእሷ ጓሮ ይጀምራል፤ አጥር ሲያጥር የእሷን ቀድሞ ያጥራል፤ ሥጋ ሲከፈል የመጀመሪያው ድርሻ ወደ እሷ ይሄዳል። ለምን ስለው «የወንድሜ ደጅ ነው» ይለኛል። ትክክልም ነበር። እሷም አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ ልጄ ስትታመም ሌሊቱን ያስታመመችው እሷ ናት። ታዲያ ምን ጎደለብኝ? የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፦ ወደ ቡኢ፣ ወደ አባቷ ቤት ትመለስልኝ። ልጅ የሌላት መበለት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። መበለት ካልሆነች ግን አትመለስም።

በሦስተኛው ዓመት ክፍሌ ከቡታጅራ ገበያ ወሬ ይዞ መጣ። አንድ በቅሎ ነጂ ነግሮት ነው፤ ዋቤ ላይ አርበኞች ተከበቡ፣ ማን እንደሞተ ማን እንደተረፈ አይታወቅም።  አስካለ ሰምታ ስታበቃ ነጠላዋን አስተካከለችና፣

«አደዩ ይናገራል» አለች።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሰይጣን ነው ብል እወድ ነበር። ሰይጣን ግን አደይና ጭጎጎት ሲበቅሉ ቅጠላቸው እንደሚመሳሰል አያውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዘር አንድ ቤት ናቸው። ጣት ሲያክሉ እናቴም ብትሆን አትለያቸውም፤ እኔ እለያቸዋለሁ።

የሰኔ ጾም ነበር። አስካለ በየማለዳው ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ክፍሌን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወስዶታል። እኔ ደጃፏ ላይ ተንበረከክሁ። አንድ አደይ ነቀልሁ፤ በነቀልሁበት ጉድጓድ ከጓሮዬ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልዬ ያመጣሁትን ጭጎጎት ተከልሁ። ነቀልሁ፤ ተከልሁ። ነቀልሁ፤ ተከልሁ። በአራት ማለዳ ግራውንም ቀኙንም ጨረስሁ። የነቀልሁትን አደይ ለጥጃዬ አበላሁት። ዝናቡ የጉልበቴን ምልክት አጠበልኝ። አንድ ጠውላጋ ቡቃያ እንኳ ደግሜ ቀይሬዋለሁ፤ ሥራ ስሠራ ግማሽ አልወድም።

ስንት ጊዜ ማቆም እችል ነበር? በመጀመሪያው ማለዳ እችል ነበር። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ከአራተኛው በኋላም ቢሆን አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ክረምቱ ሦስት ወር ነው፤ እኔ ሦስት ወር ዝም አልኩ። አስካለ ጭጎጎቱን ኮተኮተችው። ስንዝር ስንዝር አድርጋ አሳሳችው። በረዶ ሲጥል ገለባ አለበሰችው። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ተዋቡ፣ ቅጠሉ ዘንድሮ ሰፋ አላለብሽም?»

«ፍግ ነክቶት ይሆናል እታለም» አልኳት።

አመነችኝ። አረም በማወቅ ማን ይበልጣታል የምትባል ሴት ነግራት እንዴት አታምን? እውነቱን ልንገርህ፣ ከአራቱ ማለዳ ይልቅ ይህቺ ቃል ናት የምትከብደኝ። እሷ ተጠራጥራ እኔን ጠራች፤ እኔ መልሼ አስተኛኋት።

መስከረም ጠባ። ኮረብታው ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ ደጇ ላይ ነጣ ያለች ትንሽዬ ነገር ብቅ አለች። ንቦቹ ከዋንዛው ተነሥተው በላይዋ አልፈው ወደ ኮረብታው ሄዱ። አስካለ አልጮኸችም። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። እኔ ከቤቴ ሆኜ አየኋት፤ ቆጮ እየከተፍኩ ነበር፣ መክተፌን አላቆምኩም።

በደመራው ዋዜማ ዘመዶች መጡና ደጁ ላይ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። እልልታ የለም።  የመንደሩ ታላቅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አንዷን ነቀሉና መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት።

«ልጄ፣ ምድር አትዋሽም» አሏት።

በመስቀል ለቅሶ አይወጣም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ያቺ ሴት ባሏ መሞቱን አውቃ፣ በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ስምንት ቀን እንግዳ ተቀበለች። ጎመን አወጣች፣ ዓይብ አቀረበች፣ «ብሉ፣ ኧረ ብሉልኝ» አለች። እኔም ከእጇ በላሁ። በዘጠነኛው ቀን ለቅሶው ወጣ። ሬሳ የለም፤ ጋቢያቸውንና ኮርቻቸውን ሜዳ ላይ አኖሩት። ፀጉሯን ተላጨች፤ ፊቷን ቧጨረች። እኔስ? ከእሷ በላይ ጮኽኩ። ሴቶቹ ደግፈው ነው ያስነሱኝ። ምን ያህሉ ማስመሰል ምን ያህሉ እውነት እንደነበረ ዛሬም አላውቅም፤ እንባው ግን ወርዷል። አርባው ላይ ተዝካር ተደገሰ።

አባቷ ከቡኢ በቅሎ ይዘው መጥተው ወሰዷት። ስትሄድ የዘሩን ቅል አምጥታ ሰጠችኝ። «አንቺ እጅ ላይ ይበቅላል» አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። ከፋሲካ በኋላ፣ የለቅሶው ዓመት እንኳ ሳይዞር፣ አባቷ ቡታጅራ ከተማ ለሚኖር፣ ሚስት ለሞተችበት ነጋዴ ሰጧት ተባለ። ቅሉን እኔ እሳት ውስጥ ጨመርሁት።

እና ደስ አለኝ። ውሸት ይብቃኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ክፍሌ ከጓሮዬ መቆፈር ጀመረ። የመጀመሪያው ሥጋ የእኔ ሆነ። የቀጣዩ መስቀል እንግዳ ፊቱን ወደ ቤቴ አዞረ። ሌባ የሰረቀውን አይበላውም የሚል ካለ አልሰረቀም፤ እኔ በልቼዋለሁ፣ ጥሞኛልም።

ጣሊያን ወጣ። ሰው ከየጫካውና ከየእስር ቤቱ መመለስ ጀመረ። ጥቅምት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ከሲታ ሰው ዳገቱን ሲወጣ አየሁ። ውሻው ጮኸ። ለማኝ መሰለኝና እፍኝ ቆሎ ይዤ ወጣሁ። ሰውየው አጥሩ በር ላይ ቆሞ የሚያየው እኔን አልነበረም፤ የሚያየው የአስካለን ደጅ ነው። እዚያ ምንም የለም፤ ከሄደች በኋላ ቆፍሬ ጎመን ተክዬበታለሁ።

«ተዋቡ» አሉኝ።

በድምፃቸው ነው ያወቅኋቸው። ቆሎው ከእጄ ተበተነ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አነሡኝ። የት እንዳለች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ቀድሜ ነገርኳቸው። ደጁን እንደገና አዩት።

«አደዩ አልወጣም ነበር?»

«አልወጣም ጋሼ። ጭጎጎት ነው የወጣው።»

አጥሩን ተደገፉ። ከዚያ ሳቁ፤ ጥርሳቸው አልቆ ነበር። «እንግዲያ እኔ ማን ነኝ?» አሉ።

ዋቤ ላይ ሲከበቡ ተይዘው፣ በመኪና ተጭነው፣ በመርከብ ባሕር ተሻግረው ነበር የታሰሩት። አስካለ ወሬውን ሰምታ በማግስቱ ከቡታጅራ መጣች፤ ልጅ አዝላለች፤ የስድስት ወር ወንድ ልጅ። ሽማግሌዎች ዝግባው ሥር ተቀመጡ። ፊተኛው ጋብቻ ይጸናል ያለም ነበር፣ ይፈርሳል ያለም ነበር። እሷ ክርክሩን አልጠበቀችም፤ መሐላቸው ገብታ ጋሼ ወልዴ እግር ላይ ተደፋች።

«ጭጎጎት ሆነብኝ! እኔ ኮትኩቼዋለሁ፣ እኔ ጠብቄዋለሁ፣ ጭጎጎት ሆነብኝ!» አለች።

እኔ ከሴቶቹ መሐል ቆሜ ነበር። አንድ እርምጃ ብራመድ ይበቃ ነበር። «እኔ ነኝ» ብል ሁለት ቃል ነው። ያን ጊዜ ገና ሊቀና ይችል እንደነበር ታውቃለህ? ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል፤ ሁለቱም እዚያው አሉ፤ ሕግ የሚያውቀውም አለ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁ፤ ሰው እያለቀስኩ መስሎት ነበር።

ጋሼ ወልዴ አነሧት። ልጁ ከጀርባዋ ላይ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። «ጡት ስጪው» አሏት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ልጅ ከእናቱ፣ እናትም ከልጇ አትለይም። እኔ ሞቻለሁ ተብሎ ተዝካሬ ተበልቷል፤ የበላችሁትን አትመልሱልኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ከመሬት ሥር ናቸው፤ እኔ ነኝ ያለሁ። አስካለ ልጇን አዝላ ወደ ቡታጅራ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ፊት ለፊት ኖርን። ሚስት አላገቡም። ቀፎዎቻቸውን መልሰው ሰቀሉ። አደይ ግን ደጃቸው ላይ ዳግመኛ አልዘሩም። የሚበሉት ከእኔ ቤት ነበር፤ ልብሳቸውን የማጥበው፣ ሲያማቸው የማስታምመው እኔ ነበርሁ። አገሩ አመሰገነኝ። «እንደ ተዋበች ያለች የወንድም ሚስት የት ትገኛለች» ይሉ ነበር፤ ልጃገረዶችን በእኔ ይመክሩ ነበር። እኔም ምስጋናውን እቀበል ነበር፤ አንድም ቀን አልገፋሁትም።

አንድ ምሳ ላይ ስለ እስር ቤቱ አወሩን። ቀኑን የሚቆጥሩበት ስላልነበራቸው በዓሉን የሚያውቁት በግምት ነበር። በግምታቸው መስቀል ሲደርስ አብረዋቸው ለታሰሩት «ዛሬ ደጄ ላይ አደይ ፈንድቷል፤ ሚስቴ ከንብ ጋር እያወራች ነው» ይሏቸው ነበር። እስረኞቹም በየዓመቱ «ወልዴ፣ ደጅህ እንዴት ሰነበተ?» ብለው ይጠይቋቸው ጀመር። «በዚያች ወሬ ነው በሕይወት የኖርኩት» አሉ፤ ይህን ሲሉ ቆጮውን እየቆረሱ ነበር። አፌን ከፈትሁ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው የከፈትሁት፣ እምላለሁ። የወጣው ግን «ጎመን ልጨምርልዎ?» የሚል ነበር። ይጨመር አሉ፤ ጨመርኩላቸው።

የመጨረሻ ሕመማቸው ረጅም አልነበረም። ሊሞት የተቃረበ ሰው ዘመድ ጎረቤቱን እየጠራ ይቅርታ መጠየቅ ወግ ነው፤ እሳቸውም አንድ በአንድ አስጠሩ። ክፍሌን ጠሩ፣ ጎረቤቶችን ጠሩ፣ በመጨረሻ እኔን ጠሩኝ። ሰው ሁሉ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። እጄን ያዙ።

«ተዋቡ፣ ስሄድ ሸክሜን አንቺ ላይ ጥዬ ነው የሄድኩት። ተመልሼም ሸክም ሆንኩብሽ። ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ይኖራል፤ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

ምን ማለት እንደነበረብኝ አንተም ታውቀዋለህ። በሩ ተዘግቷል፣ ሰሚ የለም፣ ሰውየው እየሞቱ ነው። ከዚያ የተሻለ ጊዜ እግዚአብሔር ለሰው ይሰጣል?

«ይቅር ብያለሁ ጋሼ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልዎ» አልኳቸው።

እጄን ሳሙት። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። እኔ የበደልኩት ሰው እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ሰጠሁት፤ እንደ ባለ ዕዳ ሳይሆን እንደ ባለጸጋ ሰጠሁት። አደዩን ስነቅል ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርሁ ልል እችላለሁ። «ይቅር ብያለሁ» ስላቸው ግን ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። ጣሊያን ነው፣ ዘመኑ ነው ልል እችላለሁ፤ ጣሊያን አደይ ንቀይ አላለኝም። ልማዱ ነው ልል እችላለሁ፤ ልማዱ ማንንም አልበደለም፣ ሚስት በተስፋ እንድትቆይ የተሠራ ልማድ ነው። እኔ ነኝ ቢላ ያደረግሁት።

ክፍሌም ከሞተ ሰነበተ። አስካለ ግን በሕይወት አለች። ቡታጅራ ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ደኅና ነው አሉ። ይህን ወረቀት ሳበቃ ያን ጊዜ አዝላው ለመጣችው ልጇ እልክለታለሁ፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። እሱ ያንብብላት፤ ለማኅበርተኞቿም፣ ለማንም ታስነብበው፤ አልከለክላትም። ዕድሜ ሙሉ «ምን አጥፍቼ ነው ጭጎጎት የሆነብኝ» ስትል እንደኖረች ነግረውኛል። ምንም አላጠፋሽም እታለም። አያያዝሽም ዘርሽም ደኅና ነበር። እኔ ነኝ።

ይቅር በይኝ ግን አልላትም። በእኛ አገር ይቅርታ ሲጠየቅ እምቢ ማለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ታውቃለህ፤ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ይዞ የመጣን ሰው የሚመልስ የለም፤ የከረረ ቂም እንኳ ቢኖረው ሳይወድ በግዱ ተነሥ ይላል። አስካለን ደግሞ አውቃታለሁ። ሽማግሌ ልልክ ይቅርና አንድ ቃል ብልክባት፣ አንባቢው ሳይጨርስ «ይቅር ብያታለሁ በሏት» ትላለች። አንድ ጊዜ ያላትን ሁሉ ነጥቄያታለሁ፤ አሁን ደግሞ ቁጣዋን አልነጥቃትም። ትቆጣ፤ ትርገመኝ፤ ስሜን አትጥሪብኝ ትበል። ብጠይቃት እሺ እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው የማልጠይቃት።